ዘራፍ ብሎ የሳተው ቀስተኛ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ነገራቸው ሁሉ ቀስት ነው። ማን እንደቀሰቀሰባችሁ እንጃ። ባለፈው ስለ አስማተኞች ብዙ ስላወራሁ ቀስተኛ የምትጫወቱት ተቀየማችሁ መሰለኝ።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ፦ እዚህ ዓምድ ላይ የምናወራው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስለምንጫወተው የምናብ ጨዋታ ነው። አንዱ ዲኤም ይሆንና ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለየው ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ነው። ከነዚህ ጨዋታዎች ታላቅየው በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ አብዛኞቻችሁም የምትጫወቱት እሱን ስለሆነ በሱው ሕግ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ዲኤም ነኝ፣ አምስት ሆነን እንጫወታለን። አንዱ ጓደኛዬ ቀስተኛ ነው። በቃ፣ ከኋላ ቆሞ ሁሉንም ይጨርሳል። ሌሎቹ ሰይፋቸውን ሳይመዙ ውጊያው ያልቃል። ምን ላድርገው?
የሰለቸው፣ ከገርጂ

መልስ፦ መጀመሪያ፣ የ2014ቱን ሕግ ነው የምትጫወቱት ወይስ የ2024ቱን? ጣጣው ያለው እዚያ ነው።

በ2014ቱ ሻርፕሹተር የሚባል ልዩ ችሎታ አለ። ዳይሱን ከመጣልህ በፊት "5 ቀንሱልኝ" ትላለህ፤ ከመታህ ጉዳቱ ላይ 10 ይጨመርልሃል። አብዛኛው ዲኤም "ታዲያ ብዙ ይስታላ!" ብሎ ዝም ይላል። እስቲ እናስላው። አምስተኛ ደረጃ ስለደረሰ ልምዱ 3፣ ቅልጥፍናው 4 የሚጨምርለት፣ የቀስት ስልት መርጦ ሌላ 2 ያገኘ ሰው ዳይሱ ላይ በድምሩ 9 ይደምራል። ጠላቱ ኤሲው፣ ማለትም እሱን ለመምታት ዳይሱና ጭማሪው ተደምረው ሊደርሱበት የሚገባው የመከላከያ ቁጥሩ፣ 15 ነው እንበል። እንደ ወትሮው ሲወረውር ከመቶ 75 ጊዜ ይመታል፤ በረጅሙ ደጋን በአማካይ 8 ተኩል ጉዳት ስለሚያደርስ ለአንድ ፍላጻ ወደ 6.4 ይደርሰዋል። አምስቷን ቀንሶ ሲወረውር የሚመታው ከመቶ 50 ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን 18 ተኩል ስለሆነ ለአንድ ፍላጻ 9.25 ይሆናል። ኤሲው 20 የሆነ ጠላት ላይ እንኳን ትንሽ ያተርፋል። መክሰር የሚጀምረው 21 ላይ ነው። 21 ደግሞ ስንቱ ጭራቅ አለው?

የ2024ቱ ሕግ ይቺን "5 ቀንስ 10 ጨምር" ነገር አንስቷታል። ጠረጴዛው ከተስማማ እናንተም አንሷት።

የቀረው ያንተ ስራ ነው። ስትጽፍልኝ ያልነገርከኝን ልገምት? ጠላቶችህ ሜዳ ላይ ተሰልፈው እየቆሙለት ነው። ለምን? አንድ ፍላጻ ሲመጣ ማንም ሰው ግድግዳ ጀርባ ይገባል። ሻርፕሹተር ግማሽ ከለላን ይንቃል እንጂ ሙሉ በሙሉ የተሸሸገን አያገኝም። ለጥ ብሎ መሬት ላይ የተኛን ሰው ከሩቅ ለመምታት ዲሳድቫንቴጅ አለ፤ ሁለት ዳይስ ጥለህ ትንሹን ትወስዳለህ። በ2014ቱ ሕግ ጠላት 1.5 ሜትር ድረስ ከተጠጋው ቀስተኛው እንደዚያው ይቸገራል፣ ያንን የሚያስቀርለት ሌላ ችሎታ ካልወሰደ በስተቀር። ጭጋግ አለ። ጨለማ አለ። ጠመዝማዛ ዋሻ አለ።

ደግሞ ፍላጻ ቁጠሩ! አንድ ኮሮጆ የሚይዘው 20 ነው። በየዙሩ ሁለት የሚወረውር ሰው በ10 ዙር ባዶውን ይቀራል። "መቁጠር ያሰለቻል" የሚሉኝ አሉ። እኔ ሲያሰለች አላየሁም። ሦስት ፍላጻ ብቻ የቀረው ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ነው ያየሁት።

ብቻ ልጁን አትቅጣው። በወር አንዴ ገላጣ ሜዳ ስጠው፣ ይደሰት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በኛ ጨዋታ ውስጥ ያለ አንድ መንደር የመኸር በዓል ነበረውና የቀስት ውድድር አዘጋጀሁ። ሦስት ሦስት ጊዜ ዳይስ ጣሉ፣ ትልቅ ያመጣው አሸነፈ፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም! ሙሉ ቅዳሜዬን ነበር ለዝግጅቱ የሰጠሁት። ምን አጠፋሁ?
ዲኤሟ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይዞሽ፣ ሁላችንም ያጠፋነው ነው። የውጊያ ሕግ ይዘሽ በዓል ገባሽ። ውጊያ ላይ ዳይስ ብቻውን ልብ ያንጠለጥላል፣ ምክንያቱም ከሳትሽ የሚመጣብሽ አለ። በዓል ላይ ብትስቺስ? ምንም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፍላጻ በፊት ተጫዋቹ የሚወስነውና የሚያጣው ነገር ሊኖር ይገባል። ሕዝቡም ቆሞ የሚያይ ብቻ መሆን የለበትም፣ ጨዋታው ውስጥ ይግባ።

ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። ቡታን ሄደሽ እዪ። አገሪቱ ቀስትን ብሔራዊ ስፖርቷ ያደረገችው በ1971 ነው። በባህላዊው ጨዋታ ዒላማው ከወርዋሪው ወደ 140 ሜትር ይርቃል። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል! ዒላማው ደግሞ ጠባብ የእንጨት ሳንቃ ነው። ሜዳው በሁለቱም ጫፍ ዒላማ አለው፤ ቡድኖቹ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ ይወረውራሉ። የሚገርመው ግን ዒላማው አጠገብ የሚሆነው ነው። የተቃራኒ ቡድን ሰዎች እዚያው ሳንቃው ስር ቆመው፣ ፍላጻ እየመጣባቸው፣ ወርዋሪውን ይሰድቡታል፣ ያፌዙበታል፣ እጃቸውን ያወናጭፉበታል። የራሱ ሰዎች ደግሞ "ትንሽ ወደ ግራ!" እያሉ ይጮሁለታል። ከመታ ቡድኑ ተሰብስቦ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። የመታው ሰው ቀለም ያለው ጨርቅ ወገቡ ላይ ይሰካል፤ ማታ ላይ ማን ስንት እንደመታ ከወገቡ ይታወቃል። ነጥቡም ደስ ይላል፦ መሃሉን ለመታ 3፣ ሳንቃውን ለመታ 2፣ ስቶ ግን ከዒላማው በአንድ ፍላጻ ርዝመት ውስጥ ላረፈለት 1። ለጥቂት መሳትም ዋጋ አለው ማለት ነው።

ሞንጎሊያ ሌላ ጣዕም አላት። ናዳም የሚባለው በዓላቸው ከሐምሌ 11 እስከ 13 በአገር አቀፍ ደረጃ ይከበራል (ያው በፈረንጆቹ)። ትግል፣ የፈረስ ግልቢያና ቀስት አንድ ላይ ናቸው። ዩኔስኮ በ2010 መዝግቦታል። የቀስቱ ዒላማ ከቆዳ የተጎነጎኑ ትንንሽ ጣሳ መሰል ነገሮች ናቸው፣ መሬት ላይ ተደርድረው። ወንዶቹ ከ75 ሜትር ይወረውራሉ፣ ሴቶቹ ቀረብ ብለው። ዳኞቹ እንደኛ አገር ዳኛ ጥግ ይዘው ፉጨት አይነፉም። ዒላማው አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ "ኡኻይ" እያሉ በዜማ ያበስራሉ። ዳኛ ሲዘምር አስቢው እስቲ!

ከፍታ ከፈለግሽ ስኮትላንድ ውስጥ ኪልዊኒንግ አለልሽ። እዚያ ከገዳሙ ማማ ጫፍ ላይ የእንጨት ወፍ ይሰቅላሉ፤ ቀስተኛው ከማማው ግርጌ ቆሞ ሽቅብ ይወረውራል። ልማዱን እስከ 1483 ወደ ኋላ ይቆጥሩታል። ፈረስ ከፈለግሽ ደግሞ የጃፓኗ ካማኩራ። ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ ልጓም ለቅቀሽ ሦስት ዒላማ ተራ በተራ ትመቻለሽ።

አሁን ወደ ጠረጴዛሽ። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በየዙሩ ሁለት ፍላጻ ይወረውራል፣ ርቀቱን የሚመርጠው ራሱ ነው፦ ለቅርቡ 13፣ ለመካከለኛው 16፣ ለሩቁ 19 ማምጣት አለበት። ሩቁን የመታ ነጥቡ በአንድ ይጨምራል። አምስት ያህል አስበልጦ ከመታ 3፣ ዝም ብሎ ከመታ 2፣ በአንድ ወይ በሁለት ከጎደለው 1። ከቡታን ሰርቄ ነው። ዘራፍን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ተጫዋቹ ከፈለገ ተነስቶ መፎከር ይችላል፣ በእውነት፣ በአፉ፣ ጠረጴዛው ፊት። ፎክሮ ከመታ ነጥቡ እጥፍ። ፎክሮ ከሳተ ሁለት ይቀነስበታል። ተቃራኒው ወገን ደግሞ ያፌዝበታል፤ ፌዙ ጠረጴዛውን ካሳቀ ቀስተኛው በጥበቡ 12 ካላመጣ ዲሳድቫንቴጅ አለው። ዳኛው ሳቅ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ክረምት ቤቴ ስንጫወት የሆነውን ልንገርሽ። ከመካከላችን አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። ሁለት ዓመት አብሮን ሲጫወት "እመታዋለሁ" ከማለት ሌላ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አያውቅም። የመጨረሻው ዙር ላይ ሁለት ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሩቁን መረጠ። ከዚያ ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። "ዘራፍ! ነፋስ ገራፊው! ጨረቃን በጥፊ ከሰማይ የሚያወርዳት!" ብሎ ጮኸ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጮኸ። ሁላችንም ክው አልን። ዳይሱን ጣለ፤ ዳይሱ የሻይ ብርጭቆዬን ገጭቶ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ቆመ።

አንድ።

ፍላጻው ዒላማውን አልፎ የሹሙን ድንኳን ገመድ በጠሰ። ድንኳኑ ከነሹሙ፣ ከነሚስቱ፣ ከነወጥ ድስቱ ወደቀ። ያሸነፈችው ጥርስ የሌላት ባልቴት ነበረች፤ እኔ ለማሟያ ያስገባኋት። የልጁ ቀስተኛ ለካሳው ብር ስላልነበረው እሷ ቤት እንጨት ሊፈልጥ ገባ። እዚያው ቀስት አስተማረችው። ከሷ ጓሮ ሳንወጣ ሦስት ሳምንት ተጫወትን፤ ያዘጋጀሁትን ዘንዶ እስካሁን ማንም አላየውም።

ጥያቄ፦ "ቀስተኛዬ ተኮሰ" ስል ልጆቹ ይስቁብኛል። በአማርኛ ምን ማለት አለብኝ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ተኮሰ የእሳት ቃል ነው። ጠብመንጃ ይተኮሳል፣ ልብስ ይተኮሳል። ቀስት ውስጥ እሳት የለም። ደጋኑን ትገትራለህ፣ ፍላጻውን ትሰዳለህ ወይም ትወረውራለህ። "ገተረ" የሚለውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይጠቀምበታል። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ካነሳን፣ የአክዓብ አሟሟት ትዝ ይልሃል? ንጉሡ እንዳይታወቅ ልብሱን ለውጦ ጦር ሜዳ ገባ። አንድ ስሙ ያልተነገረ ቀስተኛ ማንን እንደሚመታ ሳያውቅ ገትሮ ሰደደ፤ ፍላጻዋም የጥሩሩን ክፍተት ፈልጋ ገባች። ባለ 20ው 20 ሲመጣ ዲኤሙ እንዲህ ይተርክ!

ጥያቄ፦ የኔ ገጸ ባሕርይ ኤልፍ ናት፣ ጆሮዋ ሹል የሆነ የተረት ፍጡር፤ ጉልበቷ 8 ነው፣ ደካማ ናት ማለት ነው። ግን ረጅሙን ደጋን ይዛ በልበ ሙሉነት ትገትራለች። ወንድሜ "ውሸት ነው፣ አትችልም" ይለኛል። ደግሞ ዲኤማችን "ገትራችሁ ያዙ... ያዙ... ልቀቁ!" ማለት ይወዳል። እውነት እንዲህ ነበር?
የወንድሟ ጠበኛ፣ ከመቀሌ

መልስ፦ በሕጉ ከሄድን አንቺ ትክክል ነሽ። ቀስት የሚታሰበው በቅልጥፍና እንጂ በጉልበት አይደለም። የ2024ቱ ሕግም ቢሆን ለረጅሙ ደጋን የሚጠይቀው ቅልጥፍናሽ 13 እንዲሆን ነው፣ ካልሆነ ዲሳድቫንቴጅ ነው።

በእውነቱ ዓለም ግን ወንድምሽ አሸንፎሻል። ሜሪ ሮዝ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1545 ሰመጠች፤ በ1982 ከባሕር ሲያወጧት ከ130 በላይ ረጅም ደጋኖችና በሺህ የሚቆጠሩ ፍላጻዎች ተገኙ። ደጋኖቹን ለመገተር የሚያስፈልገው ኃይል ከ45 እስከ 84 ኪሎ እንደሚደርስ ተገምቷል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። እሱን በሦስት ጣት ወደ ጆሮሽ ሳቢው፣ ከዚያ አስሬ ደጋግሚው። መርከቧ ውስጥ ከሞቱት ሰዎች አንዳንዶቹ የትከሻ አጥንታቸው ላይ ለውጥ ተገኝቷል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጋን ሲስቡ ስለኖሩ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። እንዲህ ያለ ትከሻ በአንድ ወር ስልጠና አይመጣም። ለዚህ ነው በ1363 የእንግሊዙ ንጉሥ ሦስተኛው ኤድዋርድ በበዓል ቀን ጤነኛ ወንድ ሁሉ ቀስት ይለማመድ፣ እግር ኳስና የመሳሰለውን ዛዛታ ይተው ብሎ ያዘዘው። እስቲ ዛሬ ደርቢ ባለበት ቀን እንዲህ ብሎ የሚያዝ ይምጣ!

ስለዚህ "ያዙ... ያዙ..." የሚለው ነገር አይሆንም። ሲሚንቶ ተሸክሞ "ቁም እዚያው" እንደማለት ነው። ክንድ ይንቀጠቀጣል፣ ዒላማ ይጠፋል። የለመደ ቀስተኛ መገተርና መልቀቁ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ዓይኑ ዒላማው ላይ ቀድሞ ያርፋል፣ እጁ ይከተላል። ለዲኤማችሁ ንገሪው፣ ትዕዛዙ ለመግጠም ይሁን፣ ገትሮ ለመቆየት አይደለም።

አሳሳቡም አንድ ዓይነት አይደለም። አውሮፓውያን በሦስት ጣት ይስቡ ነበር። ሞንጎሎች በአውራ ጣት ነው፣ ጅማቱ እንዳይቆርጣቸው ቀለበት አድርገው። የድንጋይ የቀስተኛ ቀለበት ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሱዳን ውስጥ ከጥንቱ የኩሽ መንግሥት መቃብሮችም ወጥቷል። ግብፆች ያንን አካባቢ ታ ሴቲ ይሉት ነበር፣ "የቀስት አገር" ማለት ነው።

ታሪክ ለጨዋታሽ ከፈለግሽ ደግሞ የግሪኩ ሄሮዶቱስ የጻፈው አለልሽ። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ስጦታ የያዙ ሰላዮች ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ይልካል (ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽ አገር ነው)። ንጉሡ ነቃባቸው። አንድ ትልቅ ደጋን ሰጣቸውና፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ደጋን እንዲህ በቀላሉ መገተር ሲችሉ ያኔ ይምጡብን ብሎ መለሳቸው። ደጋኑ ካምቢሰስ የነበረበት ግብፅ ሲደርስ ትንሽ እንኳን መሳብ የቻለው የካምቢሰስ ወንድም ብቻ ነበር። እሱም ሁለት ጣት ያህል። ካምቢሰስ በቅናት ወንድሙን ወደ ፋርስ ሰደደው። አንድ ደጋን፣ አንድ ስድብ፣ ሁለት ወንድማማቾች። ከዚህ ላይ ስድስት ወር መጫወት ትችያለሽ። ከወንድምሽ ጋር ግን አትጫወቺው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ15 ዓመት ልጄ ዘንዶና ጭራቅ ያለበት ጨዋታ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ሰሞኑን "እማዬ፣ አጎቶቼ ልጅ ሆነው ቡሄ ሲጨፍሩ ምን ነበር የሚሉት? ለጨዋታዬ ፈልጌው ነው" አለኝ። አገር ቤት ስላለው ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ደስ ይበለኝ ወይስ ልከልክለው?
እናት፣ ከዳላስ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ስጋትዎ ይገባኛል፣ ብቻዎንም አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ ይሄው ጨዋታ ልጆችን ወደ ሰይጣን ይመራል ተብሎ ትልቅ ሁካታ ተነስቶ ነበር። ሁካታው አለፈ፣ ጨዋታው ቀረ። ልጅዎ የሚያደርገው ነገር ተረት መተረት ነው። አያቶቻችን እሳት ዳር ያደርጉት እንደነበረው፣ ይሄኛው ዳይስና ቺፕስ ስላለው ነው ልዩነቱ።

እንደገባኝ ልጁ የምናብ መንደር ፈጥሮ ለመንደሩ በዓል እየፈለገለት ነው። ፈልጎ ፈልጎ እርስዎ ጋ መጣ። እኔ ብሆን ቡና አፍልቼ ነው የምነግረው! ነሐሴ 12 ማታ ችቦው እንዴት እንደሚበራ፣ ጅራፉ ከየት ተገምዶ እንዴት እንደሚጮህ፣ የማን ጅራፍ ይበልጥ ጮኸ ተብሎ ሰፈር ከሰፈር እንዴት እንደሚፎካከር፣ ሙልሙሉ እንዴት እንደሚሸት ይንገሩት። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ አውራጅ ሆኖ ሲያወርድ ሌሎቹ "ሆ!" እያሉ መሬቱን በዱላ ሲመቱ ያሳዩት። በነገራችን ላይ ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ዘፈን የለም። አንዱ ተጫዋች ያወርዳል፣ ጠረጴዛው ይቀበላል፣ ድምፅ ያማረ ያላማረ ችግር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩት ደስ ይለኛል። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፣ ለብዙ ሰው ጸሎት ነው። ሃይማኖቱን ለዘንዶ መቅደስ እንዳይሰጥብን። ጅራፉን፣ ችቦውን፣ ሙልሙሉን ይውሰድ።

ጥያቄ፦ ፎርጎትን ሪልምስ በሚባለው ዓለም ውስጥ ነው የምንጫወተው። በዓላቱ መቼ መቼ ናቸው? የቀስት ውድድር ለየትኛው ይሄዳል?
ከአዳማ

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! በ1987 ለሕዝብ የወጣው የዚያ ዓለም የዘመን አቆጣጠር ሃርፕቶስ ይባላል። 12 ወር አለው። እያንዳንዱ ወር ልክ 30 ቀን ነው። 360 ሆነ። የቀሩት 5 ቀናት የየትኛውም ወር አይደሉም። በየአራት ዓመቱ አንድ ስድስተኛ ቀን ይጨመራል።

ሰማህ? ጳጉሜን ነች እኮ! ፈረንጅ ይሄን ሲያነብ ግራ ይገባዋል፣ እኛ ደግሞ "እና ምን አዲስ ነገር አለው?" እንላለን። ልዩነቱ የኛዎቹ አምስት ቀናት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ተሰብስበው ሲቀመጡ የነሱዎቹ በወሮች መሃል ተበትነው እያንዳንዳቸው በዓል መሆናቸው ነው። ሚድዊንተር ከአንደኛው ወር ቀጥሎ ይመጣል፣ የብርድ በዓል ነው፣ ሹማምንት ቃል ኪዳን ያድሱበታል። ግሪንግራስ ከአራተኛው ቀጥሎ፣ አበባና ጸደይ። ሚድሰመር ከሰባተኛው ቀጥሎ፣ ፍቅርና ጭፈራ። ሃይሃርቨስታይድ ከዘጠነኛው ቀጥሎ፣ መኸር። የጨረቃ ድግስ ከአስራ አንደኛው ቀጥሎ፣ ሙታን የሚታሰቡበት። በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ከሚድሰመር ማግስት ሺልድሚት ይመጣል፤ የኛ ጳጉሜን 6 በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ እንደምትመጣው። ሺልድሚት ላይ ውሎች ይታደሳሉ፣ ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ።

ቀስትህን እዚያ አድርገው። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ውድድር ከሆነ መሳት ያማል፣ መልሰህ እስክትሞክር ገጸ ባሕርይህ ሊሞት ይችላል። ለትንሽ መንደር ከሆነ ግን መኸሩ ይሻላል፤ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ሜዳው ታጭዷል፣ የወደቀ ፍላጻ በቀላሉ ይገኛል። የጨረቃ ድግስ ላይ አታድርገው። ሰው ሙታኑን እያሰበ ዘራፍ አይባልም።

ጥያቄ፦ ከውጊያ በኋላ አንድ ደቂቃ ከፈለግን ከወረወርነው ፍላጻ ግማሹን እናገኛለን። በዓል ላይስ?
ቆጣቢው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁሉንም ታገኛለህ፣ ግን በገንዘብህ። የመንደሩ ልጆች ከዒላማው ጀርባ ተደብቀው ይጠብቁሃል፣ ገና ፍላጻው መሬት ሳይነካ ይሮጣሉ፣ ለቅመው ያመጡልህና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ለአንዷ አንድ የመዳብ ሳንቲም ክፈል። አልከፍልም ካልክ ላባ የተነቀለላት ፍላጻ ይሰጡሃል፤ እሷን በወረወርክ ቁጥር ዲኤምህ 2 ይቀንስብህ።